ስለ ደም ካንሰር መድኃኒቶች የመጀመሪያ ሙከራ፦ በስልክ ለተዘዋወረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከጅማ እስከ አጋሮና ሊሙ ድረስ በስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ የሚናገረው በተለመደው ሕክምና አልድን ያሉ የደም ካንሰሮችን በሰውነት የመከላከል ኃይል ለማከም የሚሠሩ አዳዲስ መድኃኒቶች በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚሞከሩበት መንገድ ነው። መደምደሚያው አጭርና ግልጽ ነው፦ ሙከራው ሁሉ ተስፋ የቆረጡ ሕሙማንን እንደ ቤተ ሙከራ አይጥ መጠቀም ስለሆነ ቤተሰብ ታማሚውን ከዚያ ያርቅ፣ መንግሥትም በአገራችን እንዳይጀመር ይከልክል ይላል። ለዚህም የለንደኑን አደጋ ያነሣል፤ ለሞት የተቃረቡ ሰዎች ባዶ ማስመሰያ ይሰጣቸዋል ይላል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ለታማሚው አንዳች ጥቅም እንደሌለውና ጥቁሮች የመድኃኒት መሞከሪያ እንደሆኑ ይገልጻል፤ በመጨረሻም ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ያንኑ ሥራ ያለ ጉዳት ይሠራሉ ብሎ ይዘጋል።

ይህን ምላሽ የምጽፈው በጅማ የደም ካንሰር ሕሙማንን ከሚከታተሉ ሐኪሞች አንዱ ስለሆንኩ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ውስጥ ሥራም ጥቅምም የለኝም። ጽሑፉን ያሳየችኝ ሉኪሚያው (የነጭ ደም ሕዋሳት ካንሰሩ) በኬሞቴራፒ ከጠፋ በኋላ የተመለሰበት የአንድ የአጋሮ ወጣት ታላቅ እህት ናት። ቤተሰቡ ገንዘብ አሰባስቦ ልጁን ወደ ህንድ ለመውሰድ ሲመክር ቆይቶ ነበር። «ዶክተር፣ አጎቴ ይህን ካነበቡ በኋላ ‹ልጃችንን ለመሞከሪያ አንሰጥም› ብለዋል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችኝ። በኮሪደር ላይ ቆሜ የመለስኩላት መልስ ለጉዳዩ የማይመጥን አጭር ስለነበር እዚህ ዘርዝሬ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ጸሐፊው ለሕሙማን የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ከጽሑፋቸው ይታያል፤ ትክክል የሆኑበትንም ቦታ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ጸሐፊው አብዝተው ከተደገፉበት ከለንደኑ አደጋ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በማርች 2006 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ቲጂኤን1412 የተባለ አንቲቦዲ፣ ማለትም በመከላከያ ፕሮቲን አምሳል የተሠራ መድኃኒት፣ ለስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ተሰጠ። መድኃኒቱ ለአንድ ዓይነት ሉኪሚያና ለመገጣጠሚያ ብግነት የታሰበ ነበር። በሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ የጀርባ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ትኩሳት ጀመራቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ስድስቱም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ቲ ሕዋስ የሚባሉት የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ተቀስቅሰው ሳይቶካይን የተባሉ የመልእክት ንጥረ ነገሮችን በደም ውስጥ ስላጥለቀለቁ ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። እስከዚህ ድረስ ጽሑፉ የሚለው እውነት ነው። «ስድስቱም ሞቱ» የሚለው ግን ሐሰት ነው። ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፣ አንዱ የእግሩን ጣቶች አጥቷል፤ ነገር ግን ስድስቱም በሕይወት ተርፈዋል።

ከዚህ ስሕተት ይልቅ የሚያሳስበኝ ጸሐፊው ታሪኩን እዚያው ላይ ማቆማቸው ነው። አደጋው ለምን እንደደረሰ ተመርምሯል። የተሰጠው መጠን በዝንጀሮ ዝርያዎች ላይ ጉዳት ካላስከተለው መጠን አምስት መቶ ጊዜ ያነሰ ስለነበር በወረቀት ላይ አስተማማኝ መስሎ ነበር። ሆኖም መድኃኒቱ የሚይዘው ሲዲ28 የተባለ ምልክት በሰው ላይ ቀድሞ በሽታ ተዋግተው ልምድ ባገኙት ቲ ሕዋሳት ላይ ሲኖር፣ ለሙከራው በተመረጡት እንስሳት ተመሳሳይ ሕዋሳት ላይ አልነበረም። እንስሳቱ ያልታመሙት መድኃኒቱ ደኅና ስለነበር ሳይሆን የሚያነቃው ነገር ስላልነበራቸው ነው። ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ የሚያየው ዓይን ላለው ሁሉ ግልጽ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው ምን እንደሚሆን ሳይጠበቅ ስድስቱም በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው መድኃኒቱን ወሰዱ። እኔ ይህንን ለተማሪዎች ስናገር ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ አንድ ሰው አስተኝቶ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ምንም ወጪ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ አሠራሩ ተለወጠ። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2007 መመሪያ አወጣ፣ በ2017ም አሻሻለው። አሁን የመጀመሪያው መጠን የሚሰላው እንስሳ ሊሸከመው ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ወደ ታች በመውረድ ብቻ ሳይሆን፣ በሰው ሕዋስ ላይ ጥቂት ለውጥ እንኳ ያሳያል ተብሎ ከሚገመተው እጅግ ዝቅተኛ መጠን በመነሣት ነው። አንድ ሰው ብቻ አስቀድሞ ይወስዳል፣ ክትትል ይደረግበታል፣ ቀጣዩ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ያው የለንደኑ መድኃኒት እንኳ በዚህ ጥንቃቄ፣ ሺሕ ጊዜ ባነሰ መጠን ተጀምሮ ያለዚያ ማዕበል በሌሎች ፈቃደኞች ላይ በድጋሚ ተሞክሯል። ስለዚህ የለንደኑ አደጋ የመጀመሪያ ሙከራ ይታገድ ለሚል ክርክር ማስረጃ አይሆንም፤ የመጀመሪያ ሙከራ እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያስተምር ነው።

በካንሰር ሕሙማን ላይ የተለመደው አካሄድም ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው። ሦስት ሕሙማን በዝቅተኛው መጠን ይጀምራሉ። አንዳቸውም ከባድ ጉዳት ካልደረሰባቸው ቀጣዮቹ ሦስት ከፍ ባለ መጠን ይቀጥላሉ፤ አንዱ ከተጎዳ በዚያው መጠን ሌላ ሦስት ይጨመራሉ፤ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተጎዱ መጨመሩ ይቆማል። ጸሐፊው «መጠኑን እየጨመሩ እስኪወድቁ ድረስ ይጠብቃሉ» ያሉት ይህንኑ አሠራር ነው፤ ነገር ግን ማቆሚያው አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑን አልተናገሩም። ብሊናቱሞማብ የተባለውን መድኃኒት እንመልከት። ይህ መድኃኒት በአንድ እጁ የካንሰሩን ሕዋስ፣ በሌላ እጁ የታማሚውን ቲ ሕዋስ ይዞ ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። መጀመሪያ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደም ሥር ሲሰጥ ጥቅም አላሳየም፤ ከሰውነት የሚወጣው እጅግ በፍጥነት ነበርና። በሌላ የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ (መድኃኒት በሰው ላይ መጀመሪያ በሚሞከርበት ደረጃ) ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ለሳምንታት እንዲንጠባጠብ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት መጠኑ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር 0.06 ሚሊግራም በቀን ሲደርስ፣ ያንን ከወሰዱት ሰባት የሊምፎማ (የሊምፍ ዕጢ ካንሰር) ሕሙማን በሰባቱም እብጠቱ ቀነሰ። ዛሬ ለተመለሰ ሉኪሚያ ለአዋቂ ሲሰጥ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 9 ማይክሮግራም፣ ከዚያ በኋላ 28 ማይክሮግራም የሚሆነው ሰውነት እንዲለምደው ተብሎ ነው። ይህን አካሄድ ያስተማሩን እነዚያ ጥቂት ሕሙማን ናቸው፤ «አይጥ» ሲባሉ የምቆጣውም ስለዚህ ነው።

ስለ ፕላሴቦ፣ ማለትም ስለ ባዶ ማስመሰያው፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የለንደኑ ሙከራ ጤነኞች ላይ ስለነበር ከስምንቱ ተሳታፊዎች መድኃኒቱን ካልወሰዱት ሁለቱ ማስመሰያ ወስደዋል፤ ጸሐፊው ነገሩን ከዚያ ወስደው ለካንሰር ሕሙማን የሰጡት ይመስላል። አልድን ባሉ የደም ካንሰሮች የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራ የሚገባው የታወቁት ሕክምናዎች የተሞከሩለትና ያልሠሩለት ሰው ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር የሚወስደው እውነተኛውን መድኃኒት ነው። የሚለያየው መጠኑ ነው።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ከበድ ያለ ነው፦ «ሙከራው የሚጠይቀው መድኃኒቱ ይገድል እንደሆነ እንጂ ያድን እንደሆነ አይደለም።» የመጀመሪያው ምዕራፍ ዋና ጥያቄ ደኅንነትና መጠን መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ለታማሚ የሚሸሽግ ሐኪም ጥፋተኛ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ድጋፍ ከ1991 እስከ 2002 በአዋቂዎች ላይ የተደረጉ 460 የመጀመሪያ ምዕራፍ የካንሰር ሙከራዎች ወደ 12 ሺሕ የሚጠጉ ተሳታፊዎች ነበሯቸው። ሲመረመሩ ካንሰሩ የቀነሰላቸው 10.6 በመቶ፣ በመድኃኒቱ መርዛማነት የሞቱት 0.49 በመቶ ነበሩ። ጸሐፊው «ግማሹ በመድኃኒቱ ያልቃል» ያሉት ከየት እንዳመጡት አልጠቀሱም፤ ከዚህ ጋር ግን በምንም አይገናኝም። በአንጻሩ ከአሥር ዘጠኙ ያልተጠቀሙ መሆናቸውን ማንም ሊሸፍነው አይገባም።

ከ2010 ወዲህ በካር-ቲ ሕክምና የታየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሕክምና የታማሚው የራሱ ቲ ሕዋሳት ከደሙ ተለይተው ይወጣሉ፣ በቤተ ሙከራ በዘረመል ደረጃ ተለውጠው በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ያለውን ሲዲ19 የተባለ ምልክት እንዲያውቁ ይደረጋሉ፣ ተባዝተውም መልሰው ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 በፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ኤሚሊ ኋይትሄድ የተባለች የስድስት ዓመት ልጅ፣ ሉኪሚያዋ ሁለት ጊዜ ከተመለሰባት በኋላ፣ ይህን ሕክምና ካገኙት ሕፃናት የመጀመሪያዋ ሆነች። ትኩሳቱ በረታባት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ዋለች፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ወደ መቁረጥ ደርሰው ነበር። የደም ምርመራው ኢንተርሉኪን 6 የተባለው ሳይቶካይን እጅግ መብዛቱን ሲያሳይ፣ ተመራማሪው ካርል ጁን የራሱ ልጅ የመገጣጠሚያ ብግነት ስለነበረባት ይህንኑ የሚገታ ቶሲሊዙማብ የሚባል የብግነት መድኃኒት መኖሩን ያውቅ ነበር። መድኃኒቱ ተሰጣት፤ በሰዓታት ውስጥ ለውጥ ታየ፤ በሰባተኛ የልደት ቀኗም ነቃች። ከዓመታት በኋላም ከካንሰር ነጻ ሆና ኖራለች። ዛሬ ይህ ሕክምና በሚሰጥበት ሁሉ ቶሲሊዙማብ ተዘጋጅቶ የሚቀመጠው ከዚህች ልጅ በተገኘው ትምህርት ነው።

ከእርሷ ጋር ውጤቱ የታተመው የሁለተኛዋ ልጅ ታሪክም መነገር አለበት። የእርሷም ሉኪሚያ ጠፍቶ ነበር፤ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ግን ሲዲ19ን አውልቆ፣ የተለወጡት ቲ ሕዋሳት በማያውቁት መልክ ተመለሰ። እንዲሁም በ2016 ጄካር015 የተባለ ተመሳሳይ ሕክምና በሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ላይ ሳለ አምስት ሕሙማን በአንጎል እብጠት ሞቱ፤ ኩባንያውም በ2017 መድኃኒቱን ተወው። ጸሐፊው ይህንን ቢጠቅሱ ኖሮ ክርክራቸው ከለንደኑ ይልቅ ይጠነክር ነበር። እኔ የምጠቅሰው ግን አንድ ነገር ለመንገር ነው፤ አንድ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ሲወድቅ ሌላው ወደቀ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት በ2017 ኤሚሊ የተቀበለችው ዓይነት ሕክምና የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ በተመሠረተበት ሙከራ 75 ሕፃናትና ወጣቶች ሕክምናውን ተቀብለው፣ ከእነርሱ 81 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ሉኪሚያቸው ከእይታ ጠፍቶ ነበር። ከእነዚህም በኋላ የተመለሰባቸው አሉ።

ጥቁሮች መሞከሪያ ናቸው በሚለው ላይ ጸሐፊውን ዝም ብዬ አልቃወማቸውም፤ ፍርሃቱ ሥር አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 በናይጄሪያ ካኖ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በነበረበት ጊዜ ፋይዘር ትሮቫፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክን በ200 ሕፃናት ላይ፣ ግማሾቹን በሌላ መድኃኒት እያነጻጸረ ሞክሯል፤ አሥራ አንድ ሕፃናት ሞተዋል፤ ወላጆች ሙከራ መሆኑን አልተነገረንም ብለዋል፤ ክርክሩም በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ አንድ የጅማ ሽማግሌ «አንሰጥም» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ይሁን እንጂ በደም ካንሰር መድኃኒቶች ዘንድ ያለው በደል ተቃራኒው ነው። መልቲፕል ማይሎማ የተባለው የአጥንት መቅኔ ካንሰር በአሜሪካ ጥቁሮችን ከነጮች በእጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ከማይሎማ ታማሚዎች አምስት አንዱ ጥቁር ነው። አዳዲሶቹ የመከላከል ኃይል መድኃኒቶች በተሞከሩባቸው ጥናቶች ውስጥ ግን ድርሻቸው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። መድኃኒቱ በእኛ ሰው ላይ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ በሚበዛበት አካባቢ ምን እንደሚያስከትል ሳይታወቅ ይመጣብናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ከሙከራው ውጭ መቅረታችን ነው።

ጸሐፊው ፍጹም ትክክል የሆኑበት ስለ ታማሚው ፈቃድ የጻፉት ነው፤ ጥቂት ልቆይበት። የስምምነት ቅጹ ብዙ ገጽ ያለው፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ ታማሚው የማይረዳው ወረቀት ሆኖ ሲፈረም ፈቃድ አይባልም። በጅማ ይህ ከሌላው ቦታ ይብሳል። ከማና ወይም ከሰቃ የሚመጣ ገበሬ የሚያስበው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሐኪሙ በአማርኛ ይነግረዋል፣ መዝገቡ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ውሳኔውን ደግሞ በአብዛኛው የሚሰጡት ኮሪደር ላይ የቀሩት አባት ወይም አጎት ናቸው። እኔ ራሴ በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ፣ በሌላ ከተማ፣ አንዲት እናት ለቀላል ምርመራ ከፈረሙ በኋላ «መድኃኒቱ መቼ ነው የሚሰጠኝ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። የፈረሙት ለምርመራ እንጂ ለሕክምና እንዳልሆነ ማንም አላስረዳቸውም ነበር። ስለ ሙከራ ሲሆን ይህ ስሕተት ሰው ይጎዳል። የሕሙማንን የራሳቸውን ቋንቋ የማይናገር፣ ቤተሰቡን አስቀምጦ «ይህ ላይረዳህ ይችላል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በግልጽ የማይል፣ ታማሚው በማግስቱ ሐሳቡን ቢለውጥ ሕክምናው እንደማይጓደልበት የማያረጋግጥ ሙከራ በአገራችን ባይፈቀድ እኔም እደግፋለሁ።

ነገር ግን ይህ አስቀድሞ በሕግ ያለ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሊመረምረው፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሊፈቅደው ይገባል። የሚያስፈልገው ኮሚቴዎቹን በሰውና በጊዜ ማጠናከር ነው። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ወደ ሙሉ እገዳ መዝለላቸው አያስኬድም። ሪቱክሲማብን ያስቡት፤ በጅማ የሊምፎማ ታማሚ ያለበት ቤተሰብ ገንዘብ ቆጥሮ የሚገዛው መድኃኒት ነው። ይህ አንቲቦዲ ሊምፎማቸው በተመለሰባቸው አሥራ አምስት ሕሙማን ላይ በአንድ ጊዜ መጠን ተሞክሮ ውጤቱ በ1994 ታተመ፣ በ1997 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። እነዚያን አሥራ አምስት ሰዎች «አይጥ አትሁኑ» ብሎ የሚመልስ ቢኖር ዛሬ የምናዝዘው መድኃኒት ባልኖረ ነበር።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ የሚከተለውን ብቻ እላለሁ። «የመከላከል ኃይልን ማጠንከር» የሚለው አባባል ለሉኪሚያ ትርጉም የለውም፤ ሉኪሚያ የመከላከያ ሕዋሳት ራሳቸው የታመሙበት በሽታ ነውና። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት ቲ ሕዋስን አንድ የተለየ ምልክት አሳይተው በማነጣጠር ነው፤ ኢላማቸው ሲዲ19 ቢ ሕዋስ በሚባሉት ጤነኛ የመከላከያ ነጭ የደም ሕዋሳትም ላይ ስላለ እነዚያም አብረው ያልቃሉ። ጥቁር አዝሙድ ወጥ ያጣፍጣል፤ ሲዲ19ን አያውቅም። ኬሞውን አቋርጦ ለሁለት ወር ማር ሲልስ ቆይቶ ፕላትሌቱ (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) አልቆ በድዱ እየደማ የሚመጣ ታማሚ እኔ ተቀብያለሁ፤ ጸሐፊው ይህን አንቀጽ ሲጽፉ እንዲህ ያለውን ሰው ያሰቡ አይመስለኝም።

ወደ አጋሮው ወጣት ልመለስ። ጽሑፉ በዚህ ቤተሰብ ላይ ያደረሰው ጉዳት የመጀመሪያ ምዕራፍ ሙከራንና የተፈቀደ ሕክምናን ቀላቅሎ ማቅረቡ ነው። በህንድ በአገር ውስጥ የተሠራ የካር-ቲ ሕክምና ለተመለሰ የቢ ሕዋስ ሉኪሚያና ሊምፎማ በኦክቶበር 2023 ተፈቅዷል። ከዚያ በፊት በ64 ሕሙማን ላይ በሁለት ምዕራፍ ተሞክሮ፣ ውጤታቸው ከተመዘነላቸው 73 በመቶው ላይ ካንሰሩ ቀንሷል ወይም ጠፍቷል፤ ዋጋውም ከአሜሪካው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያም ሆኖ ለአንድ የቡና ገበሬ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ እንደሚያድነውም ማንም ቃል ሊገባ አይችልም። ሆኖም ልጁ ወደዚያ ቢሄድ የሚገባው አጎቱ ወደ ፈሩት ሙከራ አይደለም። ገንዘቡን ማውጣት አለማውጣት የእነርሱ ውሳኔ ነው፤ ውሳኔው ግን በዚህ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ መሰጠት የለበትም።

ጸሐፊው ሦስት ነገሮችን በዚያው በላኩበት መንገድ እንዲያርሙ በአክብሮት እጠይቃቸዋለሁ፦ በለንደን ስድስቱም መትረፋቸውን፣ «ግማሹ ያልቃል» የሚለው ማስረጃ የሌለው መሆኑን፣ እንዲሁም ኬሞ የጀመረ ታማሚ በነጭ ሽንኩርት ምክንያት እንዳያቋርጥ። ስለ ፈቃድ የጻፉትን ክፍል እንዳለ ቢተዉት ደስ ይለኛል። አጎትየው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊያነጋግሩኝ ቀጠሮ ይዘናል፤ አፋን ኦሮሞ የምትናገረው ባልደረባዬም ትገኛለች። ጽሑፉን አትመው ይዘውት እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ምላሽ ከጎኑ አስቀምጠን ነጥብ በነጥብ አብረን እናነበዋለን።